ደብተር ያደለው ፋብሪካና የወንዙ ውሃ፦ የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት በምን ይለካል?

መስከረም በጠባ ቁጥር የማይቀር ዜና አለ። አንዱ ድርጅት ለተማሪዎች ደብተርና እስክርቢቶ አደለ። ሌላው የአቅመ ደካሞችን ቤት አደሰ። በበዓል ሰሞን ደግሞ ዘይትና ዱቄት ይከፋፈላል። ፎቶው ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ የከተማው አመራርና የተሰለፉ ልጆች ይታያሉ። የዜናው መዝጊያም ያው ነው፦ «ድርጅቱ ማኅበራዊ ኃላፊነቱን ተወጥቷል»።

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ አስተያየቱ ይከፈላል። አንዱ «እሰይ፣ ሌሎቹም ይማሩ» ይላል። ሌላው «መጀመሪያ ፍሳሹን ይሰብስብልን» ብሎ ያጉረመርማል። የፋብሪካው ባለቤትም የራሱ ቅሬታ አለው። ግብር ይከፍላል፣ ሰው ቀጥሯል፣ ከጦርነቱ ጉዳት ገና አላገገመም። ከዚህ በላይ ምን እንደሚጠበቅበት አይገባውም።

ሦስቱም ማኅበራዊ ኃላፊነት እያሉ ነው የሚያወሩት። በልባቸው የያዙት ግን የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ስለ ስጦታ፣ አንዱ ስለ ጉዳት፣ አንዱ ስለ ሕጋዊ ግዴታ ይናገራል። እንዲህ ሆኖ መግባባት ይቸግራል።

ከትርፉ በኋላና ከትርፉ በፊት

በጎ አድራጎት ከተገኘው ትርፍ ላይ ቆርሶ መስጠት ነው። ማኅበራዊ ኃላፊነት ግን ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል። ትርፉ ራሱ እንዴት ተገኘ? ማን ምን ከፈለበት? ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ወንዙ፣ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ምን ደረሰባቸው? ጥያቄው ይህ ነው።

ሐሳቡ በዘመናዊ መልኩ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 አካባቢ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሃዋርድ ቦወን የነጋዴ ውሳኔ የብዙ ሰው ሕይወት ስለሚነካ ነጋዴው ለኅብረተሰቡ ግዴታ አለበት ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ የንግድ አስተዳደር ምሁሩ አርቺ ካሮል ጉዳዩን በአራት ደረጃ ደርድሮ አቀረበው። ከታች ያለው መሠረት ኢኮኖሚያዊ ነው፤ ድርጅቱ አትርፎ መቆም አለበት። ከሱ በላይ ሕግ ማክበር አለ። ቀጥሎ ሕግ ባያስገድድም ትክክል የሆነውን ማድረግ ይመጣል። ስጦታ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ነው።

በእኛ ዜና ውስጥ ጫፉ ብቻ ይታያል። ደብተሩ ይቆጠራል፣ ሕግ ማክበሩ አይጠየቅም። በካሮል አደራደር ከሄድን ግን ፍሳሹን ሳያጣራ ደብተር የሚያድል ፋብሪካ ሁለተኛውን ደረጃ ሳይረግጥ አራተኛው ላይ ልውጣ እያለ ነው።

ፍሪድማንና ፍሪማን

ስማቸው ይመሳሰላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በተቃራኒ ወገን ይጠቀሳሉ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1970 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ፍሬ ነገሩ የንግድ ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው የሚል ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሥራ አስኪያጅ የባለአክሲዮኖች ቅጥረኛ ነው። በሰው ገንዘብ ቸር መሆን አይችልም። በጎ ሥራ መሥራት የፈለገ ባለአክሲዮን ትርፉን ወስዶ ራሱ ይስጥ። ሥራ አስኪያጁ በድርጅቱ ገንዘብ የማኅበረሰብን ችግር ልፍታ ካለ፣ ማንም ሳይመርጠው ግብር እየሰበሰበና እያከፋፈለ ነው ማለት ነው።

ይህ ክርክር ብዙ ጊዜ እንደ ስግብግብነት ይነገራል። አይደለም። ፍሪድማን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ትርፉ የሚገኘው በጨዋታው ሕግ ውስጥ፣ ያለ ማታለልና ያለ ማጭበርበር መሆን አለበት። ስለዚህ ከተፈቀደው በላይ መርዝ ወንዝ ውስጥ የሚለቅ ፋብሪካ በፍሪድማን መለኪያም ይወድቃል።

የንግድ አስተዳደር ምሁሩ ኤድዋርድ ፍሪማን በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ መነሻ ያዘ። ድርጅት የሚቆመው በባለአክሲዮን ገንዘብ ብቻ አይደለም አለ። ሠራተኛ፣ አቅራቢ፣ ደንበኛ፣ አበዳሪና በዙሪያው ያለው ማኅበረሰብ ባይኖሩ ፋብሪካ የለም። እነዚህን ባለድርሻዎች አላቸው። ትርጉሙ ሰፊ ነው፦ የድርጅቱ ዓላማ መሳካት የሚነካው፣ ወይም ድርጅቱን ሊነካ የሚችል ማንኛውም ሰው ወይም ቡድን። ፍሪማን የጻፈው ለሥራ አስኪያጆች እንጂ ለሰባኪዎች አልነበረም። እነዚህን ሰዎች የዘነጋ አመራር ውሎ አድሮ ድርጅቱን ራሱን ይጎዳል ነው ያለው።

ተቺዎች ዝም አላሉም። ለሁሉም ተጠያቂ ነኝ የሚል ሥራ አስኪያጅ በተግባር ለማንም ተጠያቂ አይሆንም ይላሉ። ትርፍ ሲጠፋ «ለማኅበረሰቡ ብዬ ነው» ይላል፣ ማኅበረሰቡ ሲጠይቀው ደግሞ «ለባለአክሲዮኑ ብዬ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የሚመሩ 181 ሥራ አስፈጻሚዎች ለሁሉም ባለድርሻዎች እንሠራለን የሚል መግለጫ ፈርመው ነበር። የሕግ ምሁራን መዝገባቸውን ሲያዩ የብዙዎቹ የአስተዳደር ደንብ እንደነበረ ነው። መግለጫ ማውጣት ርካሽ ነው።

በእኔ እይታ ሁለቱ ወገኖች እንደሚባለው አልተራራቁም። ልዩነቱ የሚሰፋው የጨዋታው ሕግ በወረቀት ኖሮ ዳኛው ሜዳ ላይ በማይገኝበት አገር ነው። ፍሪድማን መንግሥት ሕግ አውጥቶ ያስከብራል ብሎ ያስባል። ይህ ሲጎድል «ሕግ አክብሬ አተርፋለሁ» የሚለው አባባል ባዶ ይሆናል። ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩን ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ቦርከና ላይ ሲታይ

ኮምቦልቻ ድሮም የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ የብረታ ብረትና የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች አሏት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ደረቅ ወደብ አላት። ከተማዋና ገጠሩ በብዙ መልኩ ከዚህ ተጠቅመዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ውሃው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ከፋብሪካዎቹ አጠገብ የሚያልፉ ትናንሽ ወንዞች ቦርከና የሚባለው ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን ያልፍና ወደ ጨፋ ረግረግና ከሚሴ አቅጣጫ ይሄዳል። መጨረሻው አዋሽ ነው። በመንገዱ ላይ አትክልት ይለማበታል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል።

ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ የነዚህን ወንዞች ውሃና የፋብሪካ ፍሳሽ መርምረው ውጤታቸውን አሳትመዋል። ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከፍተኛ ክሮሚየም፣ ከብረት ማቀነባበሪያ ደግሞ ከፍተኛ ዚንክ አግኝተዋል። ይህ ከየት ይመጣል? ቆዳ ሲለፋ በክሮሚየም ጨው ይነከራል። ጨው ቆዳው እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ቆዳው ያልያዘው ትርፍ ግን ከውሃው ጋር ይወጣል። የቤት ቆርቆሮም እንዳይዝግ ዚንክ ይቀባል። ብረቱ መጀመሪያ በአሲድ ይጠራና ቀልጦ የተዘጋጀ ዚንክ ውስጥ ይገባል። የእጥበቱ ውሃ ዚንክና አሲድ ይዞ ይሄዳል።

መፍትሔው ሚስጥር አይደለም። ፍሳሹ ይጠራቀማል፣ ኖራ ይጨመርበታል፣ ብረቱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ይለቀቃል። ዝቃጩ ደግሞ ዝናብ በማያገኘው ቦታ መቀመጥ አለበት። ችግሩ ይህ ሁሉ ገንዘብ መጠየቁ ነው። ኬሚካል ይገዛል፣ ፓምፕ መብራት ይበላል፣ ባለሙያ ይቀጠራል። ማጣሪያው አንድም ተጨማሪ ቆዳ ወይም ቆርቆሮ አያመርትም። ስለዚህ በየትኛውም አገር ያለው ፈተና አንድ ነው፦ ማጣሪያ መሥራትና ማጣሪያውን ሌትና ቀን ማሠራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚበራ፣ ሲሄድ የሚጠፋ ማጣሪያ ለፎቶ ይሆናል እንጂ ለወንዙ አይሆንም።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን ውጫዊ ወጪ ይሉታል። አምራቹ የማይከፍለው፣ ሌላ ሰው ግን የሚከፍለው ወጪ ማለት ነው። ፋብሪካው ኖራውን ባለመግዛቱ ያተረፈው ገንዘብ አልጠፋም። ከታች ያለው ገበሬ በታመመ ከብት፣ እናት በልጇ ሕክምና፣ ከተማው አዲስ ጉድጓድ በማስቆፈር ይከፍሉታል። ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ ሂሳቡ አይታይም።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር አለበት። ቦርከናን የሚያቆሽሹት ፋብሪካዎች ብቻ አይደሉም። የደሴ ቆሻሻ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ሁሉ ወደዚያው ነው የሚወርደው። የፋብሪካ ባለቤቶች «ሁሉንም እኛ ላይ አትጫኑ» ሲሉ እውነት አላቸው። ከተማ አስተዳደሩም ባለድርሻ ነው፤ በካይም ነው፤ ተቆጣጣሪም ነው። ሦስቱን ባርኔጣ አንድ ላይ ያደረገ አካል ሌላውን አጥብቆ መጠየቅ ይቸግረዋል።

ስብሰባው ላይ የማይጠራው ሰው

የባለድርሻ አካላት ስብሰባ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሆቴል ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይከፈላል። በአዳራሹ የሚቀመጡት በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ከወንዙ ግርጌ ያለው ገበሬ የለም። ቢጠራም ከሰዓት በኋላ «አስተያየት ካለ» ሲባል አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል።

ለዚህ ነገር ማብራሪያ አለ። ሚቸል፣ ኤግልና ዉድ የተባሉ ሦስት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አስኪያጆች የማንን ጥያቄ እንደሚሰሙ ለማስረዳት ሦስት መለኪያ አቀረቡ። የመጀመሪያው ጉልበት ነው፤ ድርጅቱን ማስገደድ የሚችል አቅም። ሁለተኛው ተገቢነት ነው፤ ጥያቄው ፍትሐዊና ተቀባይነት ያለው መሆኑ። ሦስተኛው አጣዳፊነት ነው። ሦስቱንም የያዘ ወዲያው ይሰማል።

ይህን ኮምቦልቻ ላይ እናስቀምጠው። አበዳሪ ባንክ፣ ጉምሩክ፣ የውጭ ገዢ ጉልበት አላቸው። ስልካቸው ይነሣል። ከታች ያለው አትክልት አምራች ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አጣዳፊም ነው። ጉልበት ግን የለውም። ምሁራኑ እንዲህ ያለውን ጥገኛ ባለድርሻ ይሉታል። ድምፁ እንዲሰማ ጉልበት ያለው ሌላ አካል ጉዳዩን ሊይዝለት ይገባል። ጨፋ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደዚያ የሚወርዱ የአፋር አርብቶ አደሮች አሉ። እነሱ በሌላ ክልል አስተዳደር ሥር ናቸው። ፋብሪካው የሚያውቀው የኮምቦልቻን ቀበሌ ነው። ውሃው ግን የክልል ወሰን አያውቅም።

ሌላ የሚያስፈራ ምድብም አለ። ጉልበትና አጣዳፊነት ኖሮት ተገቢ መንገድ ያልያዘ ቡድን። ጥገኛው ባለድርሻ ለዓመታት ሳይሰማ ሲቀር ወደዚህ ሊሻገር ይችላል። በ2008 ማብቂያና በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በተነሣው ተቃውሞ እርሻዎችና ፋብሪካዎች ተቃጥለዋል። ምክንያቱ ብዙና ፖለቲካዊ ነበር። ቢሆንም የመሬትና የመደመጥ ጥያቄ ከመሀሉ አልጠፋም።

«እንግዲያው ሰውን በምን እናግኘው?» ለሚል ድርጅት ወሎ መዋቅር አላጣችም። ቅሬ በየመንደሩ አለ። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለት ነው። ቅሬ አባላቱን ያውቃል፣ ዳኛ አለው፣ ሰው ይጠራል። አለመግባባት ሲነሣ የሚያስታርቁ አበጋሮችም አሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድርጅት የሚመቸውን አንድ ሽማግሌ መርጦ፣ ጋቢ አልብሶ፣ «ማኅበረሰቡን አማክረናል» ማለት ይችላል። ይህ ሲደረግም ታይቷል። ምክክር የሚባለው ሰዎቹ «አይሆንም» ማለት ሲችሉና መልሳቸው ውሳኔውን ሲለውጠው ነው።

ስለ ደመወዝ ጥቂት

ሠራተኛ ከባለድርሻዎች ሁሉ ቅርቡ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል፤ ወለሉ ግን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ አይቶ ባወጣው ሪፖርት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ሂሳቡ ተቀይሯል። የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ላኪው በዶላር ያገኛል፣ ለሠራተኛው በብር ይከፍላል። ብዙ ተመንዝሮ የሚገባው ብር ወደ ደመወዙ ካልደረሰ የኑሮ ውድነቱን የተሸከመችው ሠራተኛዋ ናት። ተደራርበው አንድ ክፍል ለሚከራዩ ሠራተኞች የዓመት በዓል ዶሮ መስጠት መልካም ነው። የደመወዙን ጥያቄ ግን አይመልስም።

በሌላ በኩል የፓርኩ ድርጅቶችም እጅ አጥሯቸዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ኮምቦልቻና ደሴ በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር 27 ድረስ ብዙ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ወር ሳይሞላው፣ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከምትልክበት አጎዋ ከሚባለው ዕድል ወጣች። የተዘጋ ፋብሪካ ደመወዝም ግብርም አይከፍልም። የፍሪድማን ወገን «መጀመሪያ ድርጅቱ በእግሩ ይቁም» የሚለው ለዚህ ነው። ሚዛኑ ከባድ ነው፤ ደካማ ድርጅት ላይ ሁሉንም በአንድ ቀን መጫን አይቻልም። የጊዜ ሰሌዳ መስጠት ግን ይቻላል። መርዝን ደግሞ እንደ ደመወዝ ጭማሪ ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ አይቻልም፤ ጉዳቱ አይመለስምና።

ኩባንያ በሌለበትስ? የደላንታ ኦፓል

እስካሁን ያየነው ሁሉ መሀል ላይ አንድ ድርጅት አለ ብሎ ያስባል። ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ላይ ይህ ሐሳብ ይደናቀፋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ተገኘ። የወሎ ኦፓል ተብሎ በዓለም ገበያ ስም አወጣ። ድንጋዩ ያለው ከፍታ ላይ፣ በገደሉ ወገብ በሚሄድ ቀጭን አግድም ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪው ንብርብሩን ተከትሎ ወደ ገደሉ ሆድ ይገባል። በገባ ቁጥር ከላይ ያለው አለት ደጋፊ ያጣል። በተለይ ዝናብ ሲጨመርበት ይናዳል። በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተደርምሶባቸው ውስጥ የቀሩት ወጣቶች ነገር የአገር ዜና ነበር። ያ የመጀመሪያው አልነበረም።

እዚህ ኃላፊው ማነው? ቆፋሪዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ በማኅበር የተደራጁም፣ ያልተደራጁም አሉ። ደላላ ድንጋዩን ከእነሱ ይገዛል። ነጋዴ አዲስ አበባ ያደርሰዋል። ላኪ ወደ ውጭ ይልከዋል። ብዙው ዋጋ የሚጨመረው ተቆርጦና ተወልውሎ ጌጥ ሲሆን ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ የኩባንያ ሰሌዳ የለም። ዋሻው ሲናድ የሚጠየቅ ሥራ አስኪያጅም የለም። ስለዚህ የባለድርሻ ካርታ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ መሳል አለበት፦ ከዚህ ድንጋይ ማን አተረፈ? ትርፉ ወደ ደረሰበት ሁሉ ኃላፊነቱም አብሮ ይሄዳል። ይህ በማዕድን ንግድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ገዢ የዕቃውን መነሻ እንዲያጣራ የሚጠይቁ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች አሉ። ለደላንታ ግን እስካሁን የረባ ነገር ይዘው አልመጡም። ለዋሻ መደገፊያ የሚሆን እንጨት፣ ባለሙያና ሥልጠና ከላኪዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ሊሸፈን ይችላል። ከኦፓሉ ዋጋ አንጻር ትልቅ ወጪ አይመስለኝም።

ስጦታው መጥፎ ነው?

አይደለም። ወልድያ የሄደ ሰው በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስም የሚጠራውን ስታዲየም ያያል። ባለሀብት ላደገበት አገር የሰጠው ስጦታ ነው። ከተማዋ ኮርታበታለች፤ ይገባታልም። ግን በትክክለኛ ስሙ እንጥራው፤ በጎ አድራጎት ነው። የአንድን ድርጅት የዕለት ተዕለት አሠራር አይነግረንም፤ እንዲነግረንም አልተሠራም።

ስለ ስጦታ ብዙ የማይነሣ አንድ ሂሳብ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሕጉ በሚያውቀው መንገድ የተሰጠ ልገሳን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። የድርጅት የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። እንግዲህ ድርጅቱ 100 ብር ቢሰጥና ቢቀነስለት፣ 30ው ብር ለመንግሥት ሊገባ የነበረ ነው። ማመስገኑ አይከፋም፤ ነገር ግን ሲሶ ያህሉን የሰጠው ሕዝቡ ራሱ ነው።

አንዳንዶች «ታዲያ በሕግ ይገደዱ» ይላሉ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የኩባንያ ሕጓ ይህን ሞክራለች። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ ኩባንያዎች የሦስት ዓመት አማካይ ትርፋቸውን 2 በመቶ ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ አዘዘች። ገንዘቡ ጨመረ። ነገር ግን ቀድሞ ከ2 በመቶ በላይ ይሰጡ የነበሩ አንዳንድ ኩባንያዎች ወደ 2 ዝቅ አሉ። ገንዘቡም ወደ በለጸጉትና ፋብሪካ ወደ በዛባቸው ግዛቶች አደላ። ከሁሉም በላይ 2 በመቶው የተቀረውን 98 በመቶ እንዴት እንደተገኘ አይጠይቅም። ለእኛ የሚበጀን መንገድ ይህ አይመስለኝም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 ባለሀብቶች ለማኅበራዊና ለአካባቢ ደኅንነት ትኩረት እንዲሰጡ ያዛል። «ትኩረት ይስጡ» ለስላሳ አነጋገር ነው፤ ማንንም አያስጨንቅም። ጥርስ ያላቸው በ1995 ዓ.ም. የወጡት ሁለቱ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 299 ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲሠራ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ እንዲደርስና ጉዳት ሊደርስባቸው የሚችሉ ሰዎች አስተያየት እንዲካተት ይጠይቃል።

አዋጅ ቁጥር 300 ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ድንጋጌ አለ። ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን የሚበክል አካል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ ማለት ጨፋ ላይ ከብት የሚያጠጣ ሰው፣ ወይም ደሴ የሚኖር አስተማሪ፣ ስለ ኮምቦልቻ ወንዝ መክሰስ ይችላል። ጥገኛውን ባለድርሻ ጉልበት የሚሰጠው ይህ ነበር።

ለምን አይሠራበትም? ዋናው ምክንያት ማስረጃ ነው። ገበሬው ውሃው እንደተለወጠ በዓይኑ ያያል፤ ክሮሚየም ስንት እንደሆነ ግን አያውቅም። ፍርድ ቤት ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሩ በፋብሪካው ወይም በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሌላው ምክንያት ሥራ ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ የገበሬው ልጅ ልትሆን ትችላለች። ከሳሹ የገዛ ቤቱን እንጀራ እየከሰሰ እንደሆነ ይነገረዋል፤ ዝም ይላል።

ወዴት ሊያመራ ይችላል?

አንዱ ግፊት ከውጭ ሊመጣ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ትልልቅ ኩባንያዎች በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የሚደርሰውን የሰብዓዊ መብትና የአካባቢ ጉዳት እንዲያጣሩ የሚያስገድድ ሕግ አጽድቋል። ከዚያ ወዲህ ሕጉን የማላላት እንቅስቃሴ ስላለ በሱ ብቻ መተማመን አይቻልም። ገዢ ሲጠይቅም ወረቀት ነው የሚጠይቀው። ወረቀት ደግሞ ማዘጋጀት ይቻላል።

ሁለተኛው ያለው እንዳለ መቀጠሉ ነው። ስጦታው በየመስከረሙ ይሰጣል፣ ፍሳሹም ይወርዳል። ይህ ለድርጅቶቹም አይበጅም። በደህናው ቀን ጎረቤቱን ያላዳመጠ ፋብሪካ በክፉ ቀን የሚቆምለት አያገኝም።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የፍሳሽ ምርመራ ውጤት በየወሩ ይፋ ይሁን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ናሙናው ሳይታሰብ ይቀዳ፤ ማታም ጭምር። ማስታወቂያው በቀበሌው ሰሌዳ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በቅሬው መሰብሰቢያ ይለጠፍ። ረጅም መሆን የለበትም። ናሙናው የተቀዳበት ቀንና ሰዓት፣ ቦታው፣ የክሮሚየምና የዚንክ መጠን፣ በሕግ የተፈቀደው ጣሪያ፣ የመረመረው ቤተ ሙከራ ስም። ከታችም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አድራሻና አቤቱታ ለማቅረብ የሚያስፈልገው ቅጽ የሚገኝበት ቦታ።